ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ የአይጥን የደም ግፊት በጅራት መለካት ያዛልቃል?

ለገሐሬ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በሕክምና ፊዚዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን በማዘጋጀት ላይ ያለሁ ተማሪ ነኝ። ርዕሴ የላቦራቶሪ አይጦች ኅብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ በኋላ ራስ-ገዝ የነርቭ ሥርዓታቸው፣ በተለይም የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ቁጥጥር፣ እንዴት እንደሚለወጥ መለካት ነው። ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ ከደረቱ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዝ ካለው ወዲህ፣ እግሩን አለማንቀሳቀሱን ሰው ሁሉ ያያል፤ ጠዋት ከአልጋው ቀና ሲያደርጉት ዓይኑ እንደሚጨልምበት፣ አንዳንድ ማታ ደግሞ ድንገት ፊቱ በላብ ተጠምቆ ራሱን እንደሚፈልጠው ግን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅለት የለም።

ዕቅዴ ቀላል ነው። በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው የደረት ክፍል ላይ በቅጥቀጣ ጉዳት ማድረስ፣ ከዚያ በየሳምንቱ በጅራት ላይ በሚጠለቅ ማሰሪያ የደም ግፊት መለካት፣ በመጨረሻም እንስሳቱን አደንዝዞ የልባቸውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መመዝገብ ነው። የጉዳቱን ከፍታ የመረጥሁት የእግር እንቅስቃሴን የሚያጠኑ ብዙ ሥራዎች ስለሚጠቀሙበት ሲሆን፣ የጅራቱን መሣሪያ የመረጥሁት ደግሞ በእጃችን ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ችግሩ የጀመረው ገና ምንም ጉዳት ባላደረስሁባቸው እንስሳት ላይ ስለማመድ ነው። አንዲቱን አይጥ ጠዋት በሁለት ሰዓትና ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ብለካት ውጤቱ የሁለት እንስሳት ይመስላል። ክፍሉ ማቀዝቀዣ የለውም፤ የድሬን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ይረዳኛል። ለመሆኑ በዚህ መሣሪያ የተገኘ ልኬት ጉዳት በደረሰበት እንስሳ ላይ ምን ያህል ይታመናል? በዕረፍት ላይ ያለ እንስሳ የደም ግፊት ብቻውንስ ጉዳቱን ያሳያል? ቴሌሜትሪ የሚባለው በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ፣ ሌላ መንገድ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የጀጎል ጎረቤት

እንደምን አሉ፣ ለገሐሬ። እኔ ሐረር ነዋሪ ነኝ፤ በትምህርት ላይ በነበርሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ልኬት ደጋግሜ ሠርቼዋለሁና የተማርሁትን ከነስሕተቴ ላካፍልዎ።

ከመሣሪያው አስቀድመው የጉዳቱን ከፍታ ይመልከቱ፤ ዕቅድዎ የሚሰናከለው እዚያ ነው። የደም ሥሮችን የሚያጠብቁትና ልብን የሚያፋጥኑት የሲምፓቴቲክ ነርቮች መነሻ ሴሎች ከመጀመሪያው የደረት ክፍል እስከ ሁለተኛው የወገብ ክፍል ድረስ በኅብለ ሰረሰሩ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ትእዛዝ የሚወርድላቸውም ከአንጎል ግንድ ነው። ወደ ልብ የሚሄዱት በአብዛኛው ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው የደረት ክፍል ባለው ይወጣሉ። የሆድ ዕቃን የደም ሥሮች የሚያዝዙት ደግሞ ከአምስተኛው ግድም ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ናቸው፤ የሆድ ዕቃ የደም ሥሮች ብዙ ደም ስለሚይዙ ግፊትን ከፍና ዝቅ በማድረግ ረገድ ድርሻቸው ትልቅ ነው። ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ ግን ከራስ ቅል በቀጥታ ወጥቶ ስለሚሄድ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት አይነካውም። ይህን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው ላይ ጉዳት ሲያደርሱ ልብ ሙሉ በሙሉ፣ የሆድ ዕቃም በከፊል፣ ከአንጎል ጋር እንደተገናኙ ይቀራሉ። እንስሳዋ እግሯ ሽባ ይሆናል፤ የደም ግፊት ቁጥጥሯ ግን በአመዛኙ ይተርፋል። በሰውም ቢሆን ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚባለው ድንገተኛ የግፊት መናር በብዛት የሚታየው ጉዳቱ በስድስተኛው የደረት ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የአጎትዎን ልጅ ሁኔታ የሚመስል ነገር በአይጥ ላይ ማየት ከፈለጉ ጉዳቱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው የደረት ክፍል ላይ መሆን ይኖርበታል። የዐሥረኛውን ዕቅድ ግን አይጣሉት፤ ማወዳደሪያ ያድርጉት። እነዚያም እንስሳት ቀዶ ሕክምናውን፣ ሽባነቱንና የሽንት ችግሩን ሁሉ እኩል ያሳልፋሉ። ስለዚህ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚታየው የግፊት ልዩነት ከሽባነት ሳይሆን ከሲምፓቴቲክ ትእዛዝ መቋረጥ የመጣ ነው ብሎ ለመናገር ያስደፍርዎታል። አጥንቱ ብቻ ተከፍቶ ኅብለ ሰረሰሩ ያልተነካ ሦስተኛ ቡድንም ያስፈልጋል። በመጨረሻም ጉዳቱ በታሰበው ቦታ ላይ መድረሱን ኅብለ ሰረሰሩን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ ነው፤ የአከርካሪው አጥንት ቁጥርና የውስጡ ክፍል ቁጥር ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ የዕረፍት ልኬት ብቻውን ያሳስታል። ከፍ ያለ ጉዳት የደረሰበት እንስሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ ይወርዳል፤ በአይጥ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ አማካዩ ወደ ነበረበት ስለሚጠጋ፣ በሦስተኛው ሳምንት እንስሳዋ ዝም ብላ ተቀምጣ ሳለ የለካ ሰው «ድናለች» ሊል ይችላል። እኔም ብያለሁ። የተሰበረው ቁጥጥር የሚገለጠው ሲፈተን ነው። የተለመደው ፈተና ከጉዳቱ በታች ያለውን የትልቁን አንጀት መጨረሻ በትንሽ ፊኛ መወጠር ነው። በቋንቋችን የሽንቱም ከረጢት የጎማውም «ፊኛ» ስለሆነ በጽሑፍዎ ውስጥ እንዳይምታታብዎ ከወዲሁ ይለዩት፤ እኔ የመጀመሪያውን ረቂቄን ሳነብ የትኛውን ፊኛ እንደነፋሁ ለራሴም ግራ ገብቶኝ ነበር። ፊኛ ያለው ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ገብቶ እንስሳዋ ከተረጋጋች በኋላ፣ 2 ሚሊ ሊትር አየር በ10 ሰከንድ ያህል ቀስ ተብሎ ይሞላል፤ ለአንድ ደቂቃ ይቆይና ይለቀቃል። ግፊቱ ወደ መነሻው ከተመለሰና በቂ ዕረፍት ከተሰጠ በኋላ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደገማል። ማነጻጸሪያው ከመነፋቱ በፊት የነበረው የአንድ ደቂቃ አማካይ ነው።

የሚፈለገው ምልክት የግፊት መጨመር ብቻ አይደለም። ጤነኛ እንስሳ ስትደነግጥ ወይም ሲያማት ግፊቷም የልብ ምቷም አብረው ይጨምራሉ። ከፍ ያለ ጉዳት ያለባት ግን ግፊቷ ሲንር የልብ ምቷ ይቀንሳል። በአንገትና በአኦርታ ላይ ያሉት የግፊት ጠባቂዎች መናሩን ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም ባልተነካው በቬገስ በኩል ልብን ያዘገያል፤ የጠበቡትን የሆድ ዕቃ የደም ሥሮች እንዲለቁ የሚልከው ትእዛዝ ግን በተቆረጠው መንገድ አያልፍም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ የጊዜ መስመር ላይ፣ ምት በምት፣ ማየት የግድ ነው። የጅራት መሣሪያ ይህን ሊያደርግ አይችልም። አንድ ጊዜ ለመለካት ብዙ ሰከንዶች ይፈጃል፤ ንረቱ ደግሞ መጥቶ የሚሄድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአይጥ ጅራት ዋና የሙቀት ማስወጫዋ ነው። ሲሞቃት የጅራቷ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሲበርዳት ይጠባሉ፤ የጠዋትና የከሰዓት ልኬትዎ የተለያየው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከፍ ያለ ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ይኸው ቁጥጥር ራሱ ይቋረጣል፤ ማለትም የሚለኩበት ቦታ በሚያጠኑት በሽታ ተለውጧል። በዚህ ላይ ማሰሪያው የሚጠልቀው ከጉዳቱ በታች ስለሆነ መጭመቁና ማሞቁ በራሱ ያንኑ የግፊት መናር ሊቀሰቅስ ይችላል፤ እንስሳዋን በቱቦ ውስጥ አጥብቆ መያዙም ከላይ ጭንቀት ይጨምራል። ጤነኛ እንስሳትን በብዛት ለማነጻጸር ያገለግል ይሆናል፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን አይሆንም።

ቴሌሜትሪ ከሌለ በአንገት በሚያልፈው በካሮቲድ የደም ቧንቧ ውስጥ ቀጭን ካቴተር አስገብቶ ከቆዳ ሥር ወደ ማጅራት ማውጣት፣ በሄፓሪን በተቀላቀለ ጨው ውኃ እንዳይረጋ መጠበቅ፣ እንስሳዋ ከማደንዘዣው በደንብ ከነቃች በኋላ፣ ቢቻል በማግስቱ፣ በጎጆዋ ውስጥ ሆና መመዝገብ ይቻላል። ጉድለቱ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚያገለግል መሆኑና ከጉዳቱ በፊት የነበረውን የዚያችኑ እንስሳ መነሻ አለማግኘትዎ ነው፤ በተጨማሪም አንዱን ካሮቲድ መዝጋት በዚያ በኩል ያለውን የግፊት ጠባቂ ስለሚያውክ ስለ ባሮሪፍሌክስ (የግፊት ጠባቂዎቹ ልብን የሚያዘገዩበት ምላሽ) ጥንካሬ የሚናገሩትን በጥንቃቄ ይናገሩ። የግፊት መቀበያው በእንስሳዋ ልብ ቁመት ትክክል መቀመጥ አለበት፤ በ13.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሳሳታሉ። አንድ ሰው ጠረጴዛውን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርግብዎ ከ7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ተሳሳቱ ማለት ነው። በመስመሩ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ደግሞ የላይኛው ቁጥር ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ይታያል፤ አማካዩ ብዙም አይነካም። ጥርጣሬ ሲኖርዎ አማካዩን ይመኑ።

በማደንዘዣ ሥር ስለሚደረገው ልኬት ረጅም ነገር አልናገርም። አይሶፍሉሬን የግፊት ሪፍሌክሶችን ያዳክማል፤ ዛይላዚን ራሱ የሲምፓቴቲክን ሥራ የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ነቅታ የምትለካ አይጥ እስካለች ድረስ የተኛችውን አይለኩ።

ደንገጎ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የጀጎል ጎረቤት ስለ መለኪያው በሚገባ ስላብራሩ፣ እኔ ስለምትለካዋ እንስሳ ጥቂት ልጨምር፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ልኬቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የእንክብካቤው ጉድለት ነውና።

ሦስተኛው የደረት ክፍል ላይ የተጎዳች አይጥ ሽንቷን በራሷ አታስወጣም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይባል፣ ሆዷን በጣት ቀስ ብሎ በመጫን ማስሸናት ግድ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች እንስታይ አይጦችን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት የሽንት ቧንቧቸው አጭር በመሆኑ ይህ ስለሚቀልል ነው። ነገር ግን የተሞላውን የሽንት ፊኛ መጫን እንደ አንጀቱ መወጠር ሁሉ ግፊቷን ያንራል። ስለዚህ የማስሸናቱ ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ፣ ፈተናውም ከማስሸናቱ ጋር አይደራረብ። በሽንት ፊኛዋ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ቀኑን ሙሉ የሚቀሰቅስ ነገር በውስጧ ይዛ እየዞረች ነውና ያ ልኬት የጉዳቱ ሳይሆን የኢንፌክሽኑ ነው። አንጀቷም እንደዚሁ ነው፤ ፊኛው ከመግባቱ በፊት ዓይነ ምድር የደረቀባት መሆን አለመሆኗ ይታይ፤ በኃይል የገባ ካቴተር የአንጀቱን ግድግዳ ያቆስላል።

ስለ ሙቀት ለገሐሬ ያነሱት ከሚያስቡት በላይ ከባድ ነው። ከፍ ያለ ጉዳት የደረሰባት አይጥ የሰውነት ሙቀቷ የክፍሉን ሙቀት ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐረር ላይ በሌሊት ብርድ ልትሞት የምትችለው ይህችው እንስሳ፣ ድሬ ላይ በቀትር በሙቀት ልትሞት ትችላለች። የክፍሉ ሙቀት በልኬት ሰዓት ሁሉ ይመዝገብ። ከተቻለም ሥራው በሙሉ በአንድ ከተማ ያልቅ። አይጦቹን ከታች አሳድጎ ለልኬት በደንገጎ ዳገት ወደ ላይ መውሰድ የሚያስብ ካለ፣ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳርፎ እንጂ በማግስቱ አይለካ። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን በጭነት መኪና ያመጣቸውን እንስሳት በዚያው ቀን ለክቶ «የደም ግፊት በሽተኞች ናቸው» ሲለኝ መልስ አጥቼ ነበር።

የክብደት መቀነስን በየቀኑ ይከታተሉ። ከመነሻዋ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያጣች እንስሳ ከጥናቱ ወጥታ ሥቃይዋ በሰብአዊ መንገድ እንዲያበቃ በብዙ ፕሮቶኮሎች ይደነገጋል፤ ይህን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይጠይቅዎት እርስዎ አስቀድመው በዕቅዱ ላይ ይጻፉት።

ለገሐሬ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጉዳቱን ከፍታ በተመለከተ አማካሪዬን አነጋግሬ ሦስተኛውን ከዐሥረኛው ጋር ለማነጻጸር ተስማምተናል። አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ ስላለን የልብ ምት መለዋወጥን አስልቼ የሲምፓቴቲኩንና የፓራሲምፓቴቲኩን (እንደ ቬገስ ልብን የሚያረጋጋውን) ሚዛን በዚያ ላሳይ አስቤ ነበር። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ለይቶ በቁጥር ያወጣል። ይህስ አይበቃም?

ሸዋ በር

ሐኪም ነኝ፤ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ስከታተል ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በእንስሳት ላይም ጥቂት ሠርቻለሁ። እህቴ፣ ሶፍትዌሩ ቁጥር ማውጣቱ ትክክል ነው፤ የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አይነግርዎትም።

አብዛኛው ሶፍትዌር ሲከፈት የተቀመጠለት ለሰው ነው። በሰው ከአተነፋፈስ ጋር የሚሄደው የምት መለዋወጥ ከ0.15 እስከ 0.4 ኸርዝ (ዙር በሰከንድ) ባለው ክልል ይታያል። አይጥ ግን በደቂቃ ሰማንያና ዘጠና ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ይህም ወደ 1.4 ኸርዝ ግድም ነው። ክልሉን ሳይቀይሩ ካሰሉ ትልቁ የፓራሲምፓቴቲክ ምልክት ከመስኮትዎ ውጭ ቀርቶ ሌላ ነገር ይለካሉ። በአይጥ የተለመደው የላይኛው ክልል ከ0.75 እስከ 3 ኸርዝ ድረስ ሲሆን፣ የታችኛው ከ0.2 እስከ 0.75 ነው። የሞገዱ ናሙናም በሰከንድ 1000 ጊዜ ያህል ቢወሰድ ይመረጣል፤ ልቧ በደቂቃ ከ300 በላይ ስለሚመታ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ልዩነት በሚሊ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቢሆን የታችኛው ክልል ጉልበት የሲምፓቴቲክ መለኪያ ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ቬገስም ባሮሪፍሌክስም በውስጡ አሉበት። ሚዛኑን በእርግጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመድኃኒት ይጠይቃል። አትሮፒን የቬገስን፣ አቴኖሎል ወደ ልብ የሚደርሰውን የሲምፓቴቲክ ተጽዕኖ ሲዘጉ የልብ ምቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይታያል፤ የራስ-ገዝ ነርቮችን ትእዛዝ የሚያቋርጠው ሄክሳሜቶኒየም ሲሰጥ ደግሞ የሚወርደው የግፊት መጠን የደም ሥሮቹ ምን ያህል በሲምፓቴቲክ ትእዛዝ ተይዘው እንደነበር ይጠቁማል። ካሮቲድ ውስጥ ካቴተር ካስገቡ አይቀር በዚያው ቀን ከአንጀቱ ፈተና በኋላ ሊሠራ የሚችል ነው።

ስለ መነሻ ልኬት የጀጎል ጎረቤት ያሉትን ከአልጋ አጠገብ ልደግፈው። የአንገት ጉዳት ያለበት ሰው የላይኛው የደም ግፊቱ በዕረፍት ጊዜ ከ90 እስከ 110 ባለው መካከል መገኘቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሰው 140 ሆኖ ሲመጣ ተረኛው «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ለእርሱ ግን ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ከራሱ መነሻ በ20 ወይም ከዚያ በላይ መጨመር በአዋቂ ላይ ዲስሪፍሌክሲያ ተብሎ እንዲታሰብ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። በአይጥም ቢሆን የቡድኑን አማካይ ሳይሆን እያንዳንዷን ፊኛው ከመነፋቱ በፊት ከነበረው ከራሷ መነሻ ጋር ያወዳድሩ።

ስለ አጎትዎ ልጅ ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ቃል ልናገር። ያ የማታው ላብና ራስ ምታት ሲመጣ ከተጋደመበት ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ያጠበቀውን ልብስና ቀበቶ ፍቱለት፣ ከዚያ የሽንቱ ቱቦ ታጥፎ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ፤ ካልተሻለው ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ጉትማንና ዊተሪጅ እ.ኤ.አ. በ1947 የሽንት ፊኛ ሲወጠር ኅብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ የደም ግፊት እንዴት እንደሚንር ለክተው ያሳዩት ይህንኑ ነው። የእርስዎ የ2 ሚሊ ሊትር አየር ፈተና የዚያው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የመጨረሻዎቹን የደረት ክፍሎች በኤሌክትሪክ በማነሣሣት የወረደ ግፊትን በአይጥ፣ በዝንጀሮና በአንድ ሰው ላይ ማስተካከል እንደሚቻል ታይቷል፤ እዚያ ሊደረስ የቻለው ግፊትን ምት በምት የሚከታተል ልኬት ስለነበረ ነው።

የጀጎል ጎረቤት

ሸዋ በር ባሉት ላይ አንዲት ነገር ብቻ። በአንድ ቀን ውስጥ ፈተናውንም መድኃኒቶቹንም ካደረጉ ቅደም ተከተሉ አይቀያየር፤ ሄክሳሜቶኒየም ሁልጊዜ የመጨረሻው ይሁን፤ ከእርሱ በኋላ የሚለካ ሪፍሌክስ የለም። ፊኛውን የሚነፋው ሰውና መዝገቡን የሚያነበው ሰውም ይለያዩ። አንባቢው የትኛዋ እንስሳ በየትኛው ከፍታ እንደተጎዳች አይወቅ። ኮምፒውተሩንም ከዩፒኤስ ጋር ያገናኙት፤ መብራት ሲጠፋ ፊኛው ተነፍቶ ይቀራል፣ መዝገቡ ግን አይቀርም።

ለገሐሬ (ጠያቂ)

ሁሉንም በማስታወሻዬ ጽፌያለሁ። ትናንት ማታ የአጎቴን ልጅ ቱቦ ስናይ ከጭኑ ሥር ታጥፎ አገኘነው፤ ስናቃናው ራስ ምታቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለለው። የካቴተሩን ልምምድ በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ እጀምራለሁ። የመጀመሪያውን መዝገብ ሳገኝ፣ አረፋ ያለበት ቢሆንም እንኳ፣ እዚሁ አቀርበዋለሁ።